ገቢ ቁጥር

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ መዝገብ ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ምን እንደሚያመርት ብነግራችሁ ወዲያው ስለምታውቁት ልተወው። ሥራዬ ቀላል ነው። ደብዳቤ ሲገባ ገቢ ቁጥር፣ ሲወጣ ወጪ ቁጥር እሰጣለሁ፤ ማኅተም እመታለሁ። የመዝገብ ቤት ሰው ደብዳቤ አያነብም ይባላል። ውሸት ነው፣ ሁሉንም እናነባለን።

ጥቅምት 12 ጠዋት አስቴር መጣች። ስሟ ሌላ ነው፣ እኔ አስቴር ልበላት። አራት ዓመት ማሽን ላይ የሠራች ልጅ ናት። ለፈረቃ አለቃነት ተወዳድራ ከአንድ ወንድ ባልደረባዋ ጋር እኩል 81 ነጥብ አመጡ። ቦታው ለሱ ተሰጠ። ለምን ስትል «አንቺ ሕፃን ልጅ አለሽ፣ የማታ ፈረቃ አትችይውም» አሏት። ልጇን የምታሳድገው እናቷ ናት፣ ግን ማን ጠየቃት?

አቤቱታዋ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87ን ጠቅሳለች። ሴት በቅጥር ወይም በዕድገት ውድድር ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያው ለሷ ነው ይላል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። 11 ዓመት ሙሉ!

«እትዬ፣ ቅጂው ላይም ማኅተም ይምቱልኝ» አለችኝ። እኛ ጋ እንዲህ የሚል ሠራተኛ የለም። ሁሉም ዋናውን ሰጥቶ ይሄዳል። መታሁላት፤ ገቢ ቁጥሩንም ቀኑንም ጻፍኩላት።

በዘጠነኛው ቀን የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ተዘጋጀላት። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም አልነበራትም። ጥፋቱ ማርፈድ ነው። አስቴር በአቶቴ በኩል በሚመጣው ሰርቪስ ነው የምትመጣው፤ ያ ሰርቪስ ደግሞ ሲፈልገው ይቆማል። ሲያረፍድ 27 ሰው አብሮ ያረፍዳል። ማስጠንቀቂያው ግን አንድ ነው። የተየብኩትም እኔ ነኝ። ግርጌው ላይ የስሜ ፊደል አለ።

ከሰዓት በኋላ የአስተዳደር ኃላፊው ራሱ ወደ ቢሮዬ መጣ። ብዙ ጊዜ በስልክ ነው የሚጠራኝ። «እህቴ፣ ይቺን ጥቅምት 5 አድርጊያት» አለኝ በለሆሳስ።

ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። እዚያው አዋጅ ላይ አንቀጽ 26 አለ። ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክስ ተካፋይ መሆኑ ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት አይሆንም። ጾታና እርግዝናም እዚያው ተዘርዝረዋል። በዚህ ምክንያት የተባረረ ሰው ደግሞ በአንቀጽ 43 መሠረት ወደ ሥራው እንዲመለስ ይወሰንለታል። ሰውየው ሕጉን ከሷ አሳንሶ አያውቅም። ለዚህ ነው ማስጠንቀቂያው አቤቱታዋን እንዲቀድም የፈለገው።

«አይሆንም» አልኩት ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አላልኩም። «ጌታዬ፣ የወጪ መዝገቡ ቁጥር ተከታታይ ነው፤ በጥቅምት 5 መሐል የምናስገባበት ክፍት ቦታ የለም» ነው ያልኩት። መዝገቡን ገልጬ አሳየሁት። ትክ ብሎ አየውና ወጣ። ድፍረቱ የመዝገቡ እንጂ የእኔ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ቆጠራ ተጀመረ። በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ወዲያውኑ ሊሰናበት ይችላል። ጥር 9 ስምንተኛው ሞላና ተባረረች።

ሌላ ሰው ቢሆን ሽማግሌ ይልክ ነበር። ሽማግሌው ሲመላለስ፣ «ይመልሱሻል፣ ታገሺ» ሲባል ሦስት ወር ያልፋል። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ በይርጋ ይታገዳል። አስቴር ግን በሁለተኛው ሳምንት ከሰሰች። የሥራ ክርክር ላይ ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም፤ ወጪዋ የባጃጅና የፎቶ ኮፒ ብቻ ነበር።

ፍርድ ቤቱ የአሻራ መቆጣጠሪያውን ዝርዝርና የእኔን መዝገብ አዘዘ። መዝገቡን ጭኜ በባጃጅ ወሰድኩት። ከስምንቱ ቀን በስድስቱ፣ ከጠዋቱ 1፡30 ካለፈ በኋላ 27 አሻራ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተደርድሯል። ዳኛዋ ዝርዝሩን አይተው «ሌሎቹ 26ቱ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል?» ሲሉ ጠየቁ። የፋብሪካው ጠበቃ ፋይሉን አገላበጠ። ደግሞ አገላበጠ። ዳኛዋ ቀጥለው የአስቴርን አቤቱታ ቀንና የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ቀን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። 12 እና 21።

ያልተከፈላት ደመወዝ ተከፍሏት ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ተወሰነ። የፈረቃ አለቃነቱ ግን በዚያ ክስ ውስጥ አልነበረም፤ እስካሁን የዚያ ባልደረባዋ ነው።

ሰኔ ላይ ውሳኔውን በሁለት ቅጂ ይዛ መጣች። ስለ ልጇ ጠየቅኳት፤ ጥርስ አውጥቷል አለችኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ «ማስጠንቀቂያው ግርጌ ላይ ያለችው ፊደል የእርስዎ ናት አይደል?» አለች።

«አዎ፣ የኔ ናት።»

ምንም አላለችም። ዋናውን ተቀበልኩ፣ ቅጂው ላይም ማኅተሙን መታሁ። ቀለሙ ደርቆ ነበር። አንስታ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችውና መልሳ ሰጠችኝ።

«ቀኑ አይነበብም እትዬ። ይድገሙት።»