በርን «መስኮት» ብለን የዋልንበት ቀን

ልጄ «አባዬ፣ በር ለምን በር ተባለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ የመለስኩላት መልስ ስህተት ነበር። «ቃላት ነገሩን ስለሚመስሉ ነው፤ ዶሮ ኩኩሉ እንደሚል» አልኳት። ግን ያው ዶሮ ለፈረንሳዮች ኮኮሪኮ፣ ለጀርመኖች ኪኬሪኪ ይላል። ጩኸትን የሚቀዱ ቃላት እንኳ እንደ ቋንቋው ይለያያሉ። «በር» ደግሞ ከነጭራሹ ምንም አይቀዳም።

ስለዚህ እንሞክረው አልኩ። ለአንድ ቀን በርን «መስኮት»፣ መስኮትን «በር» ልንል ተስማማን።

ጠዋት የምሳሳተው እኔ ነበርኩ። እሷ ቶሎ ለመደችው። ከምሳ በኋላ «መስኮቱ ተንኳኳ» ስትለኝ ቀጥ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። የመጡት ጎረቤታችን ነበሩ። ገና ከመግባታቸው «መስኮቱን ይዝጉት» አለቻቸው። ግራ ገብቷቸው ወደ መስኮቱ አመሩ። ለእኛ የሠራው ቃል ለእሳቸው አልሠራም፤ ስምምነቱ ውስጥ አልነበሩማ!

ስዊዘርላንዳዊው የቋንቋ ምሁር ፈርዲናንድ ደ ሶሱር ያስተማረው ይህንኑ ነው። ትምህርቱ የታተመው ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። ምልክት ሁለት ገጽ አለው ይላል፦ የድምፁ ምስልና ሐሳቡ። ሁለቱን ያጋባቸው ተፈጥሮ አይደለም፣ የተናጋሪዎች ልማድ ነው። ጭስ እሳትን የሚጠቁመው ከእሳት ስለሚወጣ ነው። «እሳት» የሚለው ቃል ግን ከእሳት አይወጣም።

እኔን በጣም ያስደሰተኝ ማታ የሆነው ነው። ኳስ እያየን ሳለ ዘወር ብላ «ታዲያ በረኛው መስኮተኛ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው! «በር» ብቻውን የዘፈቀደ ድምፅ ነው። «በረኛ» ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በርን ተደግፎ ቆሟል፤ «ኛ»ዋም በእግረኛና በፈረሰኛ ውስጥ ያለችው ናት። አንዱን ስንነቅል ሌላው ተከትሎ ይነቀላል። ይህን ከመጽሐፍ አንብቤው ነበር። የገባኝ ግን ያን ማታ ነው።

መሞከር ለሚፈልግ፦ አንድ ጥንድ ቃል ይበቃል፤ እንደ «በረኛ» ሌላ ቃል የሚወጣለትን ይምረጥ፣ ጨዋታውን የማያውቅ ሰውም ይኑር።

እኛ ቀጥሎ ግስ ልንቀያይር ነው። «ሄደ» «መጣ» ከሆነ፣ አካሄድ አመጣጥ፣ መሄጃም መምጫ ሊባል ነው። ልጄ ዝርዝሩን በደብተሯ መጻፍ ጀምራለች።