ቪያግራ ስትጠይቁኝ ስለ ልባችሁ የምጠይቀው ለዚህ ነው

የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ቪያግራ ሊገዛ የመጣ ወንድ ገና ከበሩ ይታወቀኛል። ሌላው ሰው እስኪወጣ መደርደሪያ ያያል፣ ስልኩን ይነካካል። ተራው ሲደርስ መጀመሪያ ፓራሲታሞል ይገዛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እ... ያቺ ነገርስ አለች?" ይላል። እኔ ሴት በመሆኔ ደግሞ ይባስ የሚሳቀቁ አሉ፤ ወንዱ ባልደረባዬ ምሳ ወጥቶ ከሆነ እስኪመለስ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ።

በዚህ አልፈርድም። ስንፈተ ወሲብ እኛ ጋ ሰው ለልብ ጓደኛው እንኳ የማይነግረው ጉዳይ ነው። የሚያስጨንቀኝ እፍረቱ የሚያመጣው ጣጣ ነው። ሰው ሲያፍር ይቸኩላል፣ ሲቸኩል ደግሞ የምጠይቀውን ሁሉ "የለም፣ የለም፣ ጤነኛ ነኝ" እያለ ያልፈዋል። በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ነው ስል ደግሞ "አንቺ ምን አገባሽ፣ ሌላ ቦታ ይሰጡኛል" የሚለኝም አይጠፋም።

አንድ ጊዜ ሃምሳውን ያለፉ ሰው መጡ። ሲልዴናፊል (ቪያግራ ውስጥ ያለው መድኃኒት ስሙ ይህ ነው)፣ ባለ 100 ሚሊግራሙን ነው የፈለጉት። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ስላቸው ምንም የለም አሉ። ደረትዎንስ ያምዎታል ስላቸው ትንሽ ዝም ብለው "አልፎ አልፎ ነው የኔ እህት፣ ለሱ የምትሆን ኪኒን አለችኝ" ብለው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ግማሽ የተበላ እሽግ አወጡ። አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬት። "ይሄማ የልብ ነው፤ ከዚያኛው ጋር ምን አገናኘው?" አሉኝ።

በጣም ይገናኛል። ወንድ ልጅ ስሜቱ ሲነሳ ብልቱ ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቀቃል፤ እሱም ሲጂኤምፒ የሚባለው ንጥረ ነገር እንዲበዛ ያደርጋል። ያ ነው የደም ሥሮቹን አላልቶ ደሙን የሚያስገባው። ሲጂኤምፒን የሚያፈርሰው ደግሞ ፒዲኢ5 የሚባል ኢንዛይም ነው። ሲልዴናፊልም፣ ለዚሁ ችግር የሚሰጠው ሌላው መድኃኒት ታዳላፊልም የሚያደርጉት ይህን ኢንዛይም ከሥራው መግታት ነው። የልብ ኪኒኗ ደግሞ፣ ናይትሬት የሚባሉት ሁሉ፣ ናይትሪክ ኦክሳይዱን ከላይ ይጨምራሉ። ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥ ማለት ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ የገንዳውን መውረጃ እንደመድፈን ነው። የመላው ሰውነት ደም ሥር ይላላል፣ ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ይሞታልም።

ስለዚህ ናይትሬት የሚወስድ ሰው እነዚህን መድኃኒቶች ጨርሶ አይወስድም። ምላስ ሥር የምትቀመጠዋ ናይትሮግሊሰሪንም እዚሁ ውስጥ ናት። በተቃራኒውም አስቡት። ሲልዴናፊል የዋጠ ሰው ሌሊት ደረቱን አሞት ድንገተኛ ክፍል ቢገባ፣ መዋጡን ካልተናገረ ሐኪሙ ናይትሬት ሊሰጠው ይችላል። ከሲልዴናፊል በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ከታዳላፊል በኋላ ደግሞ 48 ሰዓት ናይትሬት አይሰጥም። ሚስት አጠገብ ብትሆንም፣ አማት ብትሆንም፣ እዚያች ቦታ ላይ እባካችሁ ተናገሩ።

ሰውዬውን መድኃኒቱን ሳልሰጥ ወደ ልብ ሐኪማቸው ነው የመለስኳቸው። ተቀይመው ነው የሄዱት፤ ገባኝ።

መድኃኒቱ ራሱ ከልብ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። የፋይዘር ተመራማሪዎች እንግሊዝ አገር ሳንድዊች በምትባል ከተማ ሲያዘጋጁት የታሰበው ለደረት ሕመም ነበር። ለደረቱ ያን ያህል አልሆነም፤ የሙከራው ተሳታፊዎች ግን ብልታችን እየቆመ ነው ማለት ጀመሩ። እንዲህ ሆኖ ነው በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለስንፈተ ወሲብ የፈቀደችው።

ሌላም ዝምድና አለ፤ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይቀጥናሉ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል ወይም ሲጋራ የደም ሥርን ሲጎዳ ቀድመው የሚሰናከሉት ቀጭኖቹ ናቸው። ስለዚህ አርባ ዓመት የሞላው ሰው ቀስ በቀስ "አልሆነልኝም" ማለት ሲጀምር፣ ልቡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚነግረውን ብልቱ አሁን እየነገረው ሊሆን ይችላል። ኪኒን ዋጥ አድርጎ ማለፍ ይቻላል፤ ስኳሩ ግን ሥራውን አያቆምም። ግፊታችሁን ተለኩ፣ ስኳራችሁን ተመርመሩ። ደም ግፊት ሲለካ የሚፈጀው ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ጊዜ ነው።

ሌሎቹንም መድኃኒቶች ንገሩኝ። ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን ወይም ዶክሳዞሲን የምትወስዱ ከሆነ ግፊታችሁ ድንገት ሊወርድ ስለሚችል መጠኑ በሐኪም ይስተካከላል። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በሁለት እፍረት መሃል ነው የሚቆመው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ሪቶናቪር ያለበት መድኃኒት ሲልዴናፊልን ሰውነት ውስጥ እንዲከማች ያደርገዋል። ለሌላው ሰው ልክ የሆነው መጠን ለእሱ እጅግ ይበዛል፤ ከ25 ሚሊግራም በላይ፣ ያውም በ48 ሰዓት ውስጥ ከአንዴ በላይ አይወስድም። ጮክ ብላችሁ መናገር ካልፈለጋችሁ የመድኃኒቱን ስም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡኝ። ማንም አይሰማም።

"ዋጥኩት፣ ምንም አልሠራም" ብለው የሚመለሱም ብዙ ናቸው። ምን በልተህ ነበር ስለው፣ ክትፎ በልቶ፣ ድራፍት ደራርቦበት ነው የዋጠው። ቅባት የበዛበት ምግብ ሲልዴናፊልን ያዘገየዋል፤ አልኮል ሲበዛ ደግሞ ራሱ ብልትን ያደክማል። ከአንድ ሰዓት ያህል በፊት፣ ሆድ ቀለል ሲል ነው የሚዋጠው። ታዳላፊል ምግብ አያስቸግረውም፣ እስከ 36 ሰዓት ድረስም ይሠራል። ሁለቱም ግን ያለ ፍላጎት አይሠሩም። ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ የከረመ ሰው ኪኒኑ እንዲያስታርቀው መጠበቅ የለበትም። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በ50 ሚሊግራም ነው፤ አልሠራም ተብሎ በዚያው ሌሊት ሌላ አይደገምም። በቀን አንዴ ብቻ ነው።

ምንም ችግር ሳይኖርባቸው "ለማስመስከር" የሚወስዱት ወጣቶች በጣም ያሳዝኑኛል። ጫት ቅመው፣ ጠጥተው፣ በላዩ ላይ ሙሉ 100 ይውጡበታል። ቀስ በቀስ ያለ ኪኒን የማይችሉ ይመስላቸዋል፤ ያኔ የሚይዛቸው ፍርሃቱ ነው። በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠውን "የወንዶች ማር"ም ተውት። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2022 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ማሮችን መርምሮ ያልተጻፈ ሲልዴናፊልና ታዳላፊል አግኝቶባቸዋል። እንግዲህ ናይትሬት የሚወስድ ሰው "የተፈጥሮ ማር ነው" ተብሎ ቢልሰው አስቡት።

ራስ ምታት፣ ፊት መቅላት፣ አፍንጫ መታፈን፣ ቃር ያጋጥማሉ፤ ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ያልፋሉ። ማየት ወይም መስማት በድንገት ካቃታችሁ ግን በፍጥነት ሐኪም ቤት ነው። ከ4 ሰዓት በላይ ቆሞ አልበርድ ካለም እንዲሁ። ነገ ይሻለኛል ተብሎ አይታደርም፤ ከቆየ ብልቱ እስከ መጨረሻው ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሙ ምን እንደዋጣችሁ፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነና መቼ እንደሆነ ይጠይቃችኋል፤ እሽጉን ይዛችሁለት ሂዱ።