ገና ሩቅ ሳለ

ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ይህን የምጽፈው በታናሽ ወንድሜ ፈቃድ ነው። «የእኔን ስም ተዪው፣ የእርሱን ሥራ ተናገሪ» ስላለኝ ስሙን አልጠራም።

ወንድሜ አረቄ ጠጪ ነበር። ጠጪ ስል በበዓል ከወዳጆቹ ጋር የሚቀማምስ ማለቴ አይደለም። እህል አፉ ሳይገባ፣ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ብሎ ማለዳ የሚጀምር፣ በቀን ግማሽ ሊትር የሚጨርስ ነበር። የእማዬን የአንገት ሀብል ሸጧል። ለአባታችን ተዝካር የተቀመጠውን ጤፍ በሌሊት በጆንያ አውጥቶ ሸጧል። እማዬ ግን አንድም ቀን ከጸሎቷ አላወጣችውም።

ሰኔ 21፣ በማርያም ዕለት ማታ፣ የሐዋርያት ጾም ነበርና በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ «ከዛሬ በኋላ አልቀምስም» ብሎ ተሳለ። ለማንም አልነገረም። ስእለቱ ቅዱስ ነበር፤ ሰውነቱ ግን ለዚያ አልተዘጋጀም።

ነርስ ነኝና እዚህ ላይ የማውቀውን ልናገር። አልኮል አእምሮን ወደ ታች ይጫናል። ለዓመታት በየቀኑ ሲጫነው አእምሮም በዚያው ልክ ወደ ላይ መግፋት ይለምዳል። ሁለት ሰዎች አንድን በር ከወዲህና ከወዲያ ሲገፉ አንዱ ድንገት ቢለቅ ሌላው በሩን ሰብሮ እንደሚወድቅ፣ አረቄው ባንድ ጊዜ ሲቀር አእምሮው ያለ ልጓም ይሮጣል። መጨረሻ ከተጠጣ 6 ሰዓት ካለፈ ጀምሮ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይፈሳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። እስከ 48 ሰዓት ድረስ ሰውነት ሊንፈራገጥና ራስን ሊያስት ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን የሚመጣው ነው፤ ትኩሳት፣ ቅዠት፣ የት እንዳሉ አለማወቅ። ካልታከመ ይገድላል።

በ23 ሊነጋጋ ሲል ወደቀ፣ ተንፈራገጠ። ቤተሰቡ ክብሪት ለኩሶ አስሸተተው። ክብሪት አይጠቅምም፤ በጎን አስተኝቶ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጎ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ውኃም ሳያስገቡ እስኪያልፍ መጠበቅ፣ ከዚያም ሐኪም ቤት መውሰድ ነው ያለበት። ሲነቃ ግን ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ያለፈ መሰላቸው።

እኔ ከሥራ ቦታዬ የደረስኩት በ24 ማታ ነው። መብራት ጠፍቷል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ወንድሜ አልጋው ላይ ተቀምጦ ከብርድ ልብሱ ጉንዳን ይለቅማል። ጉንዳን የለም። ለቅሞ ለቅሞ መሬት ላይ ያራግፋል፣ በእግሩ ይረግጣል፣ ደግሞ ይለቅማል። ሸሚዙ በላብ ከገላው ተጣብቋል። የእጁን ደም ሥር ስይዝ ልቡ በደቂቃ ከ140 በላይ ይመታል። ፊቴን አይቶ አላወቀኝም። ወደ ጥጉ ዞሮ «አባዬ፣ ጤፉን እመልሳለሁ፤ ጠዋት እመልሳለሁ» ይላል። አባታችን ካረፈ ቆይቷል። እማዬ ጠበል እየረጨች «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ትላለች፤ ድምፅዋ ተዘግቶ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ጎረቤት ሞላ። አንዱ ገመድ ይዞ መጣ፤ «ይታሰር፣ ራሱን ይጎዳል» ይላል። ሌላው «ጋኔን ነው፣ አሁኑኑ ጠበል እንውሰደው» ይላል። ማሰሩን እንዲተዉ ለመንኳቸው፤ እንዲህ የሚቃዥ ሰው ሲታሰር የበለጠ ይታገላል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ በሆዱ ከተደፋ ትንፋሹ ይታፈናል። የሻማው ጥላ ግድግዳው ላይ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስለሚጮህ ሻማውን አጥፍተን የሞባይል ባትሪ ወደ ጣሪያው አበራን። ሁለት ሰው ብቻ አጠገቡ ቀርቶ ሌላው እንዲወጣ አደረግን። ያን ጊዜ ትንሽ ሰከነ፤ ከዚያ ድንገት ተነሥቶ በሩን ሊሰብር ሮጠ። ጎረቤታችን ጋሼ አቅፈው ያዙት፤ ፊታቸውን በጥፊ መታቸው፤ አልለቀቁትም። እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝምልን።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን የንስሐ አባታችን በዝናብ ደረሱ። መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው ጸለዩለት። ሁሉም «ጠበል» ይላሉ ብሎ ሲጠብቅ እርሳቸው «ሲራክ ምን ይላል? ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ጠበሉን ረጭታችኋል፤ አሁን ባጃጅ ጥሩ» አሉ። እርሳቸው ባይሉት ማን ይሰማኝ ነበር? ጭቃው ውስጥ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። «ወደ ሲኦልም ብወርድ፥ በዚያ አለህ» የሚለው የዳዊት ቃል መንገዱን ሁሉ ከአፌ አልወጣም፤ እኔ አላሰብኩትም፣ ራሱ መጣ።

ተረኛው ሐኪም ወጣት ነበር፤ ሥራውን ያውቃል። ዳያዜፓም 10 ሚሊ ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ ሰጠው፤ ትንፋሹን እያየ፣ እስኪረጋጋ ደጋገመው። ታያሚን የሚባለውን ቫይታሚን ከግሉኮሱ በፊት ሰጠው። ይህ ቅደም ተከተል ቀላል ነገር አይደለም፤ የብዙ ጠጪ ሰውነት በዚህ ቫይታሚን የተራቆተ ስለሆነ ግሉኮስ ብቻውን ሲገባ የቀረችውን አሟጦ አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። ሊነጋ ሲል ወንድሜ ተኛ። እማዬ መሬት ላይ ተደፋች።

እኔ ግን በእግዚአብሔር ላይ ተቆጥቼ ነበር፤ ልሸሽገው አልችልም። ለዓመታት «የእናቴን እንባ አታይም ወይ?» ስለው ኖሬአለሁ። ያን ንጋት ደግሞ ቁጣዬ ተገለበጠ፦ «ይህን ሁሉ ላደረገ ሰው ለምን ትሮጣለህ?» ሉቃስ 15ን ስናነብ ሁላችን የታናሹን ልጅ እናስታውሳለን። ታላቁ ተቆጥቶ ውጭ ሲቀር ግን «አባቱም ወጥቶ ለመነው» ይላል። ያ አባት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ከቤቱ ወጥቷል። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ለእኔም ወጣልኝ።

በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባታችን ክፍሉ ድረስ መጡ። ወንድሜ የሚናገረውን አዘጋጅቶ ነበር፤ ሌሊት ሲለማመደው ሰምቼዋለሁ። «አባ፣ ሀብሉን ሰርቄአለሁ። ተዝካሩን ሸጫለሁ። ከእንግዲህ ቤተ መቅደስ አልገባም፣ ከደጅ ከነዳያን ጋር ልቀመጥ…» ከዚህ አላሳለፉትም። አንገቱን አቅፈው ሳሙት። የጠፋው ልጅም እንደዚሁ ነው፤ በእሪያዎቹ መካከል ሳለ «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» ሊል አስቦ ነበር፤ አባቱ ዘንድ ሲደርስ ግን ይህችን አንዲት ቃል አልተናገራትም። አባቱ ልብስ፣ ቀለበትና ጫማ አስመጣለት። ደግሞስ የሮጠው መቼ ነው? «ገና ሩቅ ሳለ» ነው። አልታጠበም፣ አልተናዘዘም። ጳውሎስም «ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቶአልና» ይላል፤ ከተሻለን በኋላ አላለም።

ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስቀል፣ ገና አለፉ።

በጥምቀት ማግስት ጠጣ። አንድ ቀን፤ እንደ ድሮው። ይህን እንድጽፍ ያለኝ ራሱ ነው። በማግስቱ ቤት ተዘግቶ ሲያለቅስ ንስሐ አባታችን መጥተው ያለፈው ሰኔ 24 የማን በዓል እንደ ነበር ጠየቁት። የሙሴ ጸሊም ነው፤ የወንበዴዎች አለቃ የነበረው ኢትዮጵያዊ፣ በግብፅ በአስቄጥስ የመነኮሰው። ከመነኮሰ በኋላም የቀድሞ ኑሮው ሐሳብ ለዓመታት ታግሎታል፤ ደክሞት ወደ አባ ኤስድሮስ ሲሄድ ሰገነት ላይ አውጥቶ በምዕራብ የአጋንንትን ጭፍራ፣ በምሥራቅ ከእነርሱ የሚበዙትን መላእክት አሳየው። በሌሊት ለአረጋውያኑ መነኮሳት ውኃ እየቀዳ ታገለ፤ በኋላ ካህን ሆነ፣ በሰማዕትነትም ዐረፈ። «አንተም በእነዚያ የትግል ዓመታት መካከል ነህ» አሉት። በዚያው ሳምንት ቆረበ።

እንደዚህ ያለ ወንድም ወይም አባት ያላችሁ፣ እባካችሁ በየቀኑ የሚጠጣውን ሰው ባንድ ቀን፣ ብቻውን፣ ቤት ውስጥ እንዲያቆም አታድርጉ፤ ቢሳልም፣ ጠበል ቢገባም። አስቀድማችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱት፣ ምን ያህል እንደሚጠጣና መጨረሻ የጠጣበትን ሰዓት ሳትደብቁ ንገሩ። ቅዠት ካያችሁ አትጠብቁ።

ያን ሌሊት ገንዘብ አልቀበልም ያለን የባጃጅ ሹፌር ልጅ፣ የት እንዳለህ አናውቅም፤ እማዬ ግን ለወንድሜ በጸለየች ቁጥር አንተንም ትጠራለች። ስብሐት ለእግዚአብሔር።