ልጄ በ«ዜሮ ለዜሮ» አናገረኝ

ስለት አለብኝ። «ልጄን ከመለስክልኝ ጥላ አስገባለሁ፣ በሰው ፊትም እመሰክራለሁ» ብዬ ለቅዱስ ገብርኤል ተስዬ ነበር። ጥላውን ባለፈው ታኅሣሥ 19 አስገብቻለሁ። ምስክርነቱ ግን እስካሁን ዕዳ ሆኖብኛል። ዛሬ እሱን ልክፈል።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ መንዳት የጀመርኩት ገና ሜትር ሳይገባ፣ ሒሳብ በዞን በሚቆጠርበት ጊዜ ነው። የምሠራው ሌሊት ነበር። ልጄ ሲነሳ እኔ እተኛለሁ፣ እሱ ሲተኛ እኔ እወጣለሁ። እናቱ «ቀስ በል፣ አባትህ ተኝቷል» እያለች ነው ያሳደገችው። ይህን የማነሳው ለሰበብ አይደለም። በኋላ ለገባኝ ነገር መነሻው ይህ ስለሆነ ነው።

ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ መጠጥ ጀመረ። የወጣት ነገር ነው ብለን አለፍነው። ከዚያ ትምህርቱን ተወ። ሥራ ገባ፣ እሱንም አጣ። አንድ የካቲት ሌሊት ጠጥቶ ሲነዳ መኪናውን አጋጨና ፖሊስ ጣቢያ አደረ። ሰው አለመጎዳቱ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። በማግስቱ ማታ ደግሞ እየተንገዳገደ መጣ። ሻንጣውን በረንዳ ላይ አውጥቼ በሩን ቆለፍኩበት። «እንዳንተ ያለ ልጅ የለኝም» አልኩት። ውጭ በረዶ ነበር። እናቱ እግሬ ላይ ወድቃ ለመነችኝ። አልሰማኋትም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም። እናቱ ኩሽና ገብታ በስልክ ስታንሾካሹክ ከማን ጋር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አልጠይቅም። ጠይቄ «ደህና አይደለም» ብትለኝስ?

ሬገን ኤርፖርት ተራ እየጠበቅሁ መኪና ውስጥ እጸልያለሁ። «ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣህ ገብርኤል፣ ልጄን ከዚህ እሳት አውጣልኝ» እላለሁ። ታኅሣሥ 19 ይመጣል፣ ያልፋል። ሐምሌ 19ም እንዲሁ። የሌላው ሰው ስለት ተነግሮ እልልታው ሲቀልጥ እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ አለቅሳለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። «ልጁ እንዲመለስ ትለምናለህ፤ ደግ ነው። በሩን የቆለፍከው ግን አንተ ነህ። አንተም እንድትመለስ ለምን» አሉኝ። ተናደድኩ። ሁለት እሑድ ዓይናቸውን ሳላይ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ሦስተኛው ላይ ግን እውነቱ አሸነፈኝ። ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ አጠረ። «ጌታዬ ሆይ፣ መጀመሪያ እኔን» የምትል ብቻ ሆነች።

መልሱ የመጣው በበዓል ቀን አልነበረም። በዐቢይ ጾም፣ በአንድ ተራ ማክሰኞ ነው። ከማላውቀው ቁጥር መልእክት ገባ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ የመጀመሪያዋ ቃል ግን ልጅ ሆኖ የሚጠራኝ ናት። «አባቢ፣ ነገ ራኬትቦል ልትጫወት ትመጣለህ? ጾም ላይ እንደሆንክ አውቃለሁ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይሁን።»

ራኬትቦል ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ያስለቀሰኝ «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ» የሚለው ነው። ልጄ አባቱ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾም አልረሳም።

ለካ መጠጥ ካቆመ ስምንት ወር ሆኖት ኖሯል። እናቱ ታውቃለች፤ «እርግጠኛ እስክሆን ለአባቢ እንዳትነግሪው» ብሏት ነው። ከእሱ ቀድሞ ያቆመ ጓደኛው ጨዋታውን አስለመደው። ባር ይገባበት የነበረውን ሰዓት በእሱ ሞላው። ሐኪምም ነበረው፣ በየሳምንቱ የሚሰበሰቡ እንደሱ ያሉ ሰዎችም ነበሩት። ይህን አልደብቅም። እነዚያን ሰዎች ልጄ መንገድ ላይ ያቆመለት ማን እንደሆነ ስለማውቅ ነው የምመሰክረው።

የካውንቲው ስፖርት ማዕከል በር ላይ ተገናኘን። ሁለታችንም አንገታችንን ነቅነቅ አድርገን ዝም ብለን ገባን። ሜዳው መረብ የለውም። አንዲት ትንሽ በር ያለው ዝግ ክፍል ነው፤ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ወርዱና ከፍታው 6 ሜትር ገደማ። ተጫዋቾቹ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ ሁለቱም ወደ አንድ ግድግዳ ነው የሚመቱት። ይህ ለእኔ ምሕረት ነበር፤ ፊቱን ቀና ብዬ ማየት አፍሬ ነበርና።

ትርፍ ራኬትና የዓይን መከላከያ መነጽር ይዞልኝ መጥቷል። ራኬቱ ከእጅ እንዳያመልጥ ማሰሪያ አለው። ማሰሪያውን እጄ ላይ አጥልቆ ጠበቅ አደረገልኝ። ጎንበስ ብሎ ሲያስር አናቱን አየሁት፤ ሁለት ሦስት ሽበት አውጥቷል። ገና 28 ዓመቱ ነው። እኔ የእሱን የጫማ ክር አስሬለት እንደማላውቅ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

በዚህ ጨዋታ ኳሱን የሚያስጀምረው ሰው ከመምታቱ በፊት ውጤቱን ጮክ ብሎ መጥራት አለበት። ሕግ ነው፤ ዝም ብሎ መጫወት አይቻልም። ልጄ መስመሩ ላይ ቆመ። ኳሷን አንዴ አነጠራት።

«ዜሮ ለዜሮ» አለ። በአማርኛ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። «አንድ ለዜሮ።» «ሁለት ለዜሮ።» ቁጥር ሲጠራ ድምፁን እጠጣው ነበር። ጨዋታው የሚያልቀው 15 ላይ ነው፤ 15 ለ2 አሸነፈኝ።

ሁለተኛው ላይ ኳሷ የኋላውን ግድግዳ መትታ ተመለሰች። እኔ መሃል ላይ ተገትሬያለሁ። ከኋላዬ ጫማው ሲንሿጠጥ ሰማሁ፤ ከዚያ ጸጥ። ዞር ስል ራኬቱን አየር ላይ እንደያዘ ቆሟል። ከጆሮዬ አንድ ክንድ አይርቅም።

«ሂንደር» አለኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መሃል ገብተሃል ማለት ነው። ብመታ እጎዳሃለሁ። ስለዚህ ይደገማል።»

«ጥፋቱ የማን ነው ታዲያ?»

«የማንም። ነጥብ አይቆጠርም፤ እንደገና ነው የምንጀምረው።»

ጉልበቴ ከዳኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። «ያን ሌሊት ያደረግሁት ግን ሂንደር አይደለም» አልኩት። «እሱ የእኔ ጥፋት ነው። በረዶ ላይ አስወጣሁህ። ልጄ አይደለህም አልኩህ። ይቅር በለኝ።»

አጠገቤ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ኳሷን በእጁ እያሻሸ ዝም አለ። «በሩን እየደበደብኩ የሰደብኩህን አልረሳሁትም፣ አባቢ» አለ በመጨረሻ። «አንተም ይቅር በለኝ።» ተቃቅፈን ስናለቅስ ተረኞቹ ሰዎች በሩን አንኳኩ። ሰዓታችን አልቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ስለ ጨዋታው ብቻ ነበር የምናወራው፤ እሱ ይቀለናል። ጨዋታውን የፈጠረው ጆ ሶቤክ የሚባል ሰው እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 በኮነቲከት፣ ግሪንዊች ከተማ ዋይኤምሲኤ በሚባለው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ውስጥ እንደተጀመረ ነገረኝ። «እኛ እኮ ወወክማ ነው የምንለው!» ብዬ አዲስ አበባ ያደግሁበትን ሰፈር፣ አባቴን፣ የአባቴን ቁጣ ሳወራለት አመሸን። አያቱን በስም እንጂ አያውቀውም ነበር። ለካ አንድም ቀን አውርቼለት አላውቅም።

ዛሬ መጠጥ ካቆመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እኔም የሌሊት ሥራ ትቻለሁ። የጥላውን ግማሽ ዋጋ የከፈለው እሱ ነው፤ «የእኔም ስለት ነው» ብሎ አልሰማ አለኝ። ታኅሣሥ 19 ጥላውን ታቅፎ ከስለት ሰዎች ጋር ተሰለፈ። ተራችን ደርሶ እልልታው ሲቀልጥ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አልሳብኩም። እናቱ ከሴቶች በኩል ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ እልል ስትል ሰማኋት። ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አባቢ፣ ቅዳሜ አለን አይደል?» አለኝ።

«አለን» አልኩት።