ጠንቋዩን ሰረዝኩት

ዛሬ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የወረድኩት በአጎቴ አይሱዙ ነው። ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ደብተሬን ታቅፌያለሁ። የምጽፈው ምናባዊ ልቦለድ ነው። አንድ ባዕድ ንጉሥ ደጋ አገር ይወራል፤ የወራሪውን ቋንቋ የተናገረ ሰው ባወጣው ቃል ልክ ከእናቱ ቋንቋ አንድ ቃል ይጠፋበታል። ርግማን ነው በቃ። እኔማ የተራቀቅኩ መስሎኝ ነበር።

ዋሻው ውስጥ ስንገባ ለአጎቴ ነገርኩት። ዋሻውን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያስቆፈረው ጣሊያን ነው፣ በአምስቱ ዓመት፤ ወሬውም ለዚያ ይሆናል እዚያ የመጣብኝ። ሳቀብኝ።

«ታዲያ እኔ ስንት ቃል ጠፋብኝ? ፍሬን እላለሁ፣ ጎማ እላለሁ፣ ካምቢዮ እላለሁ። ካቻቢቴ ካላልኩ ብሎኑን በምን ልፍታው?»

አያቱ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር የዋሉ አርበኛ ናቸው። እሱ ደግሞ እንጀራውን የሚበላው በጣሊያን ቃል ነው፤ ያውም ከአፉ ሲወጣ የመንዝ ቃል ነው የሚመስለው። መልስ አጣሁ።

ደብረ ሲና ቆሎ እየቆረጠምኩ ሌላውን ምዕራፍ ገለጥኩት። እሱ ባሰ። እዚያ ወራሪው ጠንቋይ አለው፤ ዋሻ የተሸሸጉ ሰዎች ላይ ቆዳ የሚልጥ ጭስ ይነፋል። የወሰድኩት ከዘረት ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ዘረት ዋሻ ውስጥ በነበሩት አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቀመ። ሴት የለ፣ ሕፃን የለ፣ ሽማግሌ የለ። ጠንቋይ ግን አልነበረም። ያዘዘ መኮንን ነበር፣ ጋዙን የተሸከመ ወታደር ነበር፤ ማታ እራቱን በልቶ የተኛ ይመስለኛል። በትር አስይዤ ጠንቋይ ሳደርገው ማምለጫ የሰጠሁት መሰለኝ። ጠንቋይ ነዋ፣ ሌላ ምን ይጠበቅበታል?

ሰረዝኩት። በሱ ቦታ አንድ ጸሐፊ አስገባሁ፤ ጣቱ በቀለም የተነከረ፣ በርሜል እየቆጠረ መዝገብ ላይ የሚያሰፍር፣ ብርዱን የሚያማርር።

ርግማኑን ገና አልወሰንኩም። አጎቴ ስንመለስ «ሹፌር አስገባበት» አለኝ። ስምም አውጥቶለታል። የራሱን ስም ነው፣ ሌላ ማን ሊል!