«ድሮ» ማለት ክልክል ነው

ሥራው ሲነገረኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። ስምንት ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ጡረተኛ፣ «ተፈጥሮን መጻፍ» የሚል ርዕስ። ቦታው ቀበና ወንዝ አጠገብ ያለ የዕድር አዳራሽ ነው። ከጀርባችን የድንኳን ብረት ተደግፏል። ጥግ ላይ ትልልቅ ብረት ድስቶች ተቆልለዋል። ሰው ካልሞተ ሐሙስ የእኛ ነው። ሁለት ሐሙስ ተሰርዞብናል።

ከዚያ በፊት ጽሑፍ ያስተማርኩት ወጣቶችን ብቻ ነው። ወጣት ሰማይ ጻፍ ብትለው ስለ ፍቅረኛው ይጽፋል። ከራሱ ማላቀቅ ነው ትግሉ። የጡረተኛው ጣጣ ሌላ መሆኑን ያወቅኩት በመጀመሪያው ሐሙስ ነው። «ልጅ ሆናችሁ የምታውቁትን አንድ የተፈጥሮ ነገር ጻፉ» አልኩ። ከአሥራ አንዱ ወረቀት ዘጠኙ በአንድ ቃል ጀመረ። ድሮ። ድሮ ቀበና ልብስ ይታጠብበት ነበር። ድሮ ክረምቱ ክረምት ነበር። ድሮ ብርዱ ብርድ ነበር። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ወንዙም ብርዱም ይረሳና ነገሩ የዘንድሮ ልጅ ታላቅ አያከብርም ወደሚለው ይዞራል። ቤቴ ወስጄ ሳነባቸው ዘጠኝ ጊዜ የተቆጡኝ መሰለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ። «ድሮ» ማለት ክልክል ነው።

ደግሞ ሠራ! ቡና የሚያፈሉልን እትዬ እንዲህ የሚል አነበቡ፦ «ታኅሣሥ ነው። ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ጫማ የለኝም። ሣሩ ነጭ ሆኗል። ስረግጠው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል።» ይኸው ነው፣ አምስት ዓረፍተ ነገር። ውርጭ የሚል ቃል እንኳ የለበትም፤ እኔ ግን እግሬን ቀዘቀዘኝ። በራሴ በጣም ኮራሁ። ያን ማታ ለጓደኛዬ ደውዬ ስለ ሰሌዳው ነገርኳት።

አስተባባሪው አልወደደውም። ፕሮጀክቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፕሮጀክት ነው። በየጽሑፉ ቢያንስ አንዴ ቃሉ እንዲገባ ይፈለጋል። «የአየር ንብረት ለውጡ የቱ ጋ ነው?» አለኝ፣ የእትዬን ወረቀት ገልብጦ ጀርባውን እያየ። እሱን የምናየው እንደ መስቀል ወፍ ነው። ለወፉ ግን አዳላለሁ። የመስቀል ወፍ የምንለው ክረምት ሲያበቃ የሚያምር ላባ ለብሶ ስለሚታይ እንጂ በሌላ ጊዜ የትም አይሄድም። ደማቁን ላባ ጥሎ፣ ድንቢጥ መስሎ እዚያው ቁጥቋጦ ውስጥ ይኖራል።

አሁን ወደ ጋሼ ሚሊሜትር ልምጣ። ስሙን ያወጡላቸው ክፍሉ ውስጥ ያሉት ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የዝናብ መለኪያ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። በየቀኑ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በዓል የለ እሑድ የለ። በጣሳው ውስጥ ያደረውን ውሃ በመለኪያ ብርጭቆ ይገለብጣሉ፣ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ይጽፋሉ። ሦስተኛው ሐሙስ ላይ ተራቸው ደረሰ። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር አውጥተው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ሐምሌ 3፣ 14.2። ሐምሌ 4፣ ዜሮ። ሐምሌ 5፣ 6.8።»

እንዲህ እያሉ ሐምሌ 30 ደረሱ። ድምፃቸው አንዴ እንኳ ከፍም ዝቅም አላለም። መሪጌታ ሐምሌ 12 ገደማ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መዝገብ ነው» አልኩ። «ታሪኩ የታለ?»

«ድሮ አትበሉ ብለሽናል። ቀን ነው የጻፍኩት።»

«እሱስ ልክ ነው። ግን ሰው ሲያነበው ምን ይረዳል?»

«ሐምሌ መሆኑን።»

ሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን የአስተማሪ ሳቅ ነው፣ ከጥርስ ያላለፈ። የትኛው ዓመት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ዓመቱ ይቅር» አሉ። ነገሩን ላልፈው ወደ እትዬ ስዞር እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ ፕሮጀክት ስለምንድን ነው?»

«ስለ አየር ንብረት ለውጥ።»

«ድሮ የሌለበት ለውጥ ምን ዓይነት ለውጥ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። መልስ የሌለው አስተማሪ የሚያደርገውን አደረግኩ። «የአጻጻፍ ሕግ ነው» አልኩ። ይቺን ቃል ሳስታውሳት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

«ጥሩ፣ እኛም ሕግ አለን» አሉ። «እኛ ቤት ድሮ ማለት 30 ዓመት ነው። አሁን የሚሠራበት በፈረንጅ ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። የዚያ አማካይ ይያዛል። ዘንድሮ ሞቀ፣ ዘንድሮ ጎደለ የሚባለው ከእሱ ጋር ተለካክቶ ነው። አንቺ ግን ማስመሪያውን ቀምተሽ ለኩ ትይናለሽ።»

ማስመሪያ የሚለውን ሲሰሙ ይሁን በሌላ፣ መሪጌታ ነቁ። ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ጋሼ ሚሊሜትር በመሥሪያ ቤታቸው ክረምት ጁን 1፣ ማለት ግንቦት 24 እንደሚገባ ተናገሩ። እትዬ ደግሞ እናታቸው የሚያውቁት ሰኔ ሚካኤልን ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት የጣለ ዝናብ ክረምት አይባልም። የቀረው ሰዓት በዚህ አለቀ። አንድ መስመር አልተጻፈም። ስወጣ ግን ሦስት ክረምት ይዤ ነው የወጣሁት። ሦስቱም ሰዎች ዘንድሮ ክረምቱ ዘገየ ይላሉ፣ ሦስቱም ልክ ናቸው፣ የዘገየበት ቀን ብቻ ይለያያል።

ሰሌዳውን አላጠፋሁትም። እልክ ነው።

በመሃል ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ወስጄያቸው ነበር። አንድ የኮሶ ዛፍ ሥር አቁሜ ስለ አበባው ገለጻ ጀመርኩ። እትዬ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና «ቀምሰሽዋል?» አሉኝ። አልቀመስኩም። እነሱ ሁሉም ጠጥተዋል። ስለዚያ ቀን ሌላ የምለው የለኝም።

ስድስተኛው ሐሙስ ላይ ነው ጉዱ የወጣው። ቡና እየጠጣን ነው። ትምህርት አይደለም። ጋሼ ሚሊሜትር ሲኒያቸውን አስቀምጠው «በዚያ ባነበብኩት ገጽ ላይ አንድ ውሸት አለ» አሉ።

ዝም አልን።

«አንድ ማታ ወዳጅ ቤት አመሸሁና እዚያው አደርኩ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አልነበርኩም። በማግሥቱ ስሄድ ጣሳው የሁለት ቀን ውሃ ይዞ ጠበቀኝ። ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን ለትናንት፣ ግማሹን ለዛሬ።»

«ድምሩ ልክ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ልክ ነው።»

«እንግዲያማ ንስሐውን አታክብደው።»

«ድምሩ ምን ይሠራል?» አሉ ጋሼ፣ አሁን ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «ጤፍ ድምር አይጠጣም!»

ከዚያ ያስረዱን ነገር በፕሮጀክቱ ስልጠና ላይ በሦስት ቀን ያልገባኝ ነው። ወሩን ሙሉ በልክ የጣለ 200 ሚሊሜትርና በአራት ቀን ወርዶ አፈሩን ጠርጎ የሄደ 200 ሚሊሜትር በወር ድምር አንድ ናቸው። ገበሬው ጋ አንድ አይደሉም። አየር ሲሞቅ ብዙ እርጥበት ይሸከማል። ሲያወርደው ደግሞ በአንዴ ነው የሚዘረግፈው። ስለዚህ የወሩ ድምር ምንም ሳይጎድል ወሩ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ይህን የሚያሳየው የየቀኑ ቁጥር ነው።

«እኔ ደግሞ» አሉ፣ «ምናልባት አንድ እንዲህ ያለ ኃይለኛ ቀን አግኝቼ፣ በገዛ እጄ ለሁለት አካፍዬ አለዘብኩት። የትኛው ቀን እንደነበር አላውቅም። ሌሊት የት እንደነበርኩ ነው የማውቀው።»

እኔ ምን አደረግኩ? ሰውየው ስንት ዓመት የተሸከሙትን ሲያራግፉ እኔ ብዕር ፈለግኩ። «ይሄን ይጻፉት! ይሄ ነው እኮ ታሪኩ!» አልኩ። የአራት ሳምንት ቂሜ ሁሉ በዚያች «እኮ» ውስጥ ነበር።

«አልጽፍም።»

«ለምን?»

«አንዷን ከጻፍኩ ሌላውስ ይላሉ። ያን ሁሉ ዓመት በዝናብ የተመላለስኩት በአንድ ምሽት ይጠፋል።»

ለመንኳቸው። ስም አይጠቀስም አልኩ። ጣቢያው አይጠቀስም አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። መሪጌታ ጣልቃ ገብተው «ተይው፣ ተናዟል» አሉኝ። ተውኩት። ይኸው እዚህ መጻፌን ካነበቡ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ስምም ጣቢያም አልጠቀስኩም፤ ቀኑንም እሳቸው ራሳቸው አልነገሩኝም።

ለሪፖርቱ የተመረጠው የእትዬ ውርጭ ሆነ። በሰባተኛው ሐሙስ አስተባባሪው መጥቶ ጮክ ብሎ አነበበው። መጨረሻው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨምሮበታል፦ «ዛሬ የአየር ንብረት ለውጥ ይህንን ውብ ውርጭ ነጥቆናል።»

እትዬ ማፍላታቸውን አቆሙ። «ማን ነው የጨመረው?»

«ትንሽ አስተካክለነው ነው፣ እማማ።»

«እኔ መቼ ነጠቀን አልኩ? እግሬን እኮ ይሰነጥቀኝ ነበር። ማታ ቅቤ ቀብታኝ እናቴ ታለቅስ ነበር። ውርጩ ከሄደ ይሂድ! ደስ ይበለው!»

እንዲህ ያለ ነገር ለሪፖርት አይሆንም። አስተባባሪው ወደ እኔ አየ። እኔ ሰሌዳውን አየሁ። ዓረፍተ ነገሩ በመጨረሻ ወጣ ወይስ ቀረ፣ የታተመውን እስካሁን አላሳዩንም።

የመጨረሻው ሐሙስ ሐምሌ ላይ ዋለ። ማንበብ እንደጀመርን ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም። ሁሉም ወደ ጋሼ ሚሊሜትር ዞረ። ስንት ይሆናል እንደ ማለት። እሳቸው ጣታቸውን ወደ ድስቶቹ ቀሰሩ። አንዱን ብረት ድስት ይዤ ስነሣ በእጃቸው ከለከሉኝ። ጎኑ ቀጥ ያለ ዕቃ ነው የሚፈለገው። ሆዱ የሰፋ ዕቃ ይዋሻል። ከፈለጉ በኋላ አንድ ባዶ የቲማቲም ጣሳ አገኙና ጃንጥላ ይዘው ራሳቸው ወጡ። ከዛፉም ከጣሪያውም ርቀው ግቢው መሃል አስቀመጡት። አፉ ጠበበ ሰፋ ግድ የለውም፣ ጎኑ ቀጥ ካለ ውስጡ የቆመው ውሃ ቁመቱ ራሱ ሚሊሜትር ነው አሉ፣ ሲመለሱ ጫማቸውን እያራገፉ።

ተቀምጠን በመስኮት ጣሳውን ማየት ጀመርን። አሥራ አንድ ሽማግሌና አንድ አስተማሪ። ዝናቡ ትንሽ ቀለል ሲል እትዬ ተራቸውን ሊያነቡ ወረቀታቸውን ከፈቱ።

«ድሮ» ብለው ጀመሩ። ቆም አሉና አዩኝ።

እኔ ማስመሪያ ፍለጋ ቦርሳዬን እየበረበርኩ ነበር።