በጡረታ ገንዘብ የተገዛ ቤት

በአሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ የተከራየች አንዲት የጡብ ቤት አለች። የተገዛችው ለብዙ ዓመታት በሠራሁበት ሆስፒታል በፎር ኦ ዋን ኬ፣ ማለትም በአሠሪ በኩል በሚደረግ የጡረታ ቁጠባ ተጠራቅሞ፣ ሥራውን ስለቅ ወደ ሴልፍ ዳይሬክትድ አይአርኤ (በገንዘቡ ምን እንደሚገዛ ባለቤቱ ራሱ ወደሚመርጥበት የግል የጡረታ አካውንት) ባዛወርኩት ገንዘብ ነው። ገንዘቡ በእጄ ሳያልፍ ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው በቀጥታ ስለሄደ ግብር አልተቆረጠበትም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከአክሲዮን ይልቅ ቤትን ማመን ስለሚቀናን ስለዚህ መንገድ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ ለሁሉም አስቀድሜ የምነግራቸው ግን ቤቷ የእኔ አለመሆኗን ነው። በባለቤትነት ሰነዷ ላይ የሰፈረው አካውንቱን የሚይዘው ድርጅት ስም ሲሆን፣ የእኔ ስም የሚገኘው ድርጅቱ ቤቷን ለማን አይአርኤ እንደያዘ በሚገልጸው ሐረግ ውስጥ ብቻ ነው።

አይአርኤን የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሕግ ነው። እንደ ሕይወት ኢንሹራንስ፣ ሥዕልና ጥንታዊ ዕቃ ያሉት በአካውንቱ እንዳይገዙ ተከልክለዋል፤ ቤት፣ መሬትና ለሌላ ሰው የሚሰጥ ብድር ግን ይፈቀዳሉ። ጥብቅ የሆነው ከማን ጋር መገበያየት እንደሚቻል የሚወስነው ክፍል ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ወላጆቼ፣ ልጆቼ፣ የልጅ ልጆቼና የእነርሱ ባለትዳሮች ቤቷን መግዛትም ሆነ መከራየት፣ አንድ ሌሊት እንኳ ማደር አንችልም። ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ስትፈልግ ሙሉ ኪራይ ልክፈል ብትልም አልተቻለም። ይህ ሕግ ከተጣሰ አካውንቱ በሙሉ ከዚያ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ወጪ እንደተደረገ ይቆጠርና በገቢ ግብር ይመታል፤ ዕድሜው 59 ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላ ሰው በላዩ 10 በመቶ ይጨምራል።

ለእኛ የሚከብደው ይሄ ነው፤ ዘመድ ሲቸገር ቤት መስጠትን፣ የራስን ቤት በራስ እጅ መጠገንን የለመድን ሰዎች ነንና። ባለቤቴ አናጺ ቢሆንም በዚያች ቤት አንዲት ሚስማር አይመታም። በብርዱ ወራት የወጥ ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ ተከራይዋ ከሕፃን ልጇ ጋር ውሃ ባጣች ጊዜ፣ የቤቷ ወጪ ከአካውንቱ እንጂ ከኪሴ መከፈል ስለማይችል፣ የባንክ ካርዴ በእጄ እያለ ለቧንቧ ሠራተኛው መክፈል አልቻልኩም። ሂሳቡን በአይአርኤው ስም አስጽፌ፣ የክፍያ ትእዛዝ ቅጽ ሞልቼ ለድርጅቱ ላክሁ፤ ሠራተኛው ገንዘቡን በኋላ ለመቀበል ተስማምቶ ባይጠግን ኖሮ እናትና ልጅ ብዙ በተቸገሩ ነበር።

ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ በየማኅበሩና በየድግሱ እየዞሩ «በጡረታ ገንዘባችሁ ግቡበት» የሚሉ ሰዎች ጉዳይ ነው። አካውንቱን የሚይዘው ድርጅት የአካውንቱን ባለቤት ትእዛዝ ይፈጽማል እንጂ የሚገዛው ነገር እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ፣ ዋጋውም ትክክል ይሁን አይሁን አይመረምርም። «ድርጅቱ ተቀብሎታል» የሚለው ቃል ማረጋገጫ ተደርጎ ሲነገር ስሰማ እጅግ አዝናለሁ፤ የሚሸጠውን ሰውና ሰነዱን ያለ ጠበቃ ማመን አይገባም።

ያለንን ገንዘብ ሁሉ በቤት ላይ ማዋልም አደገኛ ነው። ቤቷ ጣሪያ ቢያስፈልጋት ከኪሴ እንዳሻኝ ልጨምር አልችልም፤ በ2025 ወደ አይአርኤ በዓመት ማስገባት የሚፈቀደው 7,000 ዶላር፣ ዕድሜው 50 ለሞላ ደግሞ 8,000 ዶላር ብቻ ነበር። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ1960 እና ከዚያ ወዲህ የተወለድን ሰዎች 75 ዓመት ሲሞላን ከመደበኛው አይአርኤ በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ የማውጣት ግዴታ አለብን፤ ቤት ደግሞ ተቆርሶ አይወጣም። ስለዚህ ኪራዩን ሌላ ነገር ሳልገዛበት በአካውንቱ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ አቆየዋለሁ።